ኔትወርክ ማርኬቲንግ፦ ጥርጣሬውና ሒሳቡ

«በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ብቻ ና፣ ታመሰግነኛለህ።» ወደ ኔትወርክ ማርኬቲንግ፣ ማለትም ዕቃ እየሸጡ ሌላ ሻጭም እያስገቡ ወደሚሠሩት ሥራ፣ የሚጋብዝ ይህ ጥሪ ያልደረሰው የከተማ ሰው ጥቂት ነው። የሚደውለው ብዙ ጊዜ የቆየ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም የአክስት ልጅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ላይ ክብ ይሳላል፤ ክቡ «አንተ» ይባላል። ከሥሩ ሁለት ክብ፣ ከእነሱ ሥር አራት፣ እያለ ሰሌዳው እስኪሞላ ይወርዳል። ከዚያ መኪና፣ የዱባይ ጉዞ፣ «ከተቀጣሪነት መውጣት» ይከተላል። እጁን አውጥቶ «ብዙ ሰው ከስሮበታል ይባላል» የሚል ከተገኘም መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «የከሰሩት ሥራውን ያልሠሩት ናቸው። የጣላቸው አመለካከታቸው ነው።»

ይቺ መልስ ብዙ ሰው ዝም አሰኝታለች። የጠየቀው ሰው ሰነፍ ወይም ፈሪ መባልን ፈርቶ ይቀመጣል፣ ሲወጣም ቅጽ ሞልቶ ይወጣል። እኔ እንደማየው ግን የከሰረውን ሰው አመለካከት ከመመርመር በፊት የሥራውን ሒሳብ መመርመር ይቀድማል። ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ለምን ብዙው እንደሚከስር ይገባዋል። ጥቂቶች የሚያተርፉበት መንገድ የቱ እንደሆነም የሚታየው እዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም። ከሥር ከሥር የሚከፈልበት የአከፋፈል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1945 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ኑትሪላይት የሚባለውን ቫይታሚን በሚሸጡ ሰዎች ተጀመረ። የዚያው ቫይታሚን ሻጮች የነበሩ ሁለት ጓደኛሞች በ1959 አምዌይን መሠረቱ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ኩባንያዎች የእነሱን አሠራር እየቀያየሩ የሚጠቀሙ ናቸው። ነጥቡ፣ ማዕረጉ፣ «ግራ እግር» እና «ቀኝ እግር» የሚባለው የአባላት አደራደር ሁሉ ሲገፈፍ ከሥር የሚቀሩት ሁለት የገቢ ምንጮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ዕቃውን በአባል ዋጋ ገዝቶ አባል ላልሆነ ሰው አትርፎ መሸጥ ነው። ሁለተኛው እርስዎ ያስገቡት ሰው፣ እሱ ያስገባው ሰው፣ ከዚያም በታች ያለው ሁሉ ከሚገዛው ላይ በመቶኛ የሚደርስዎት ቦነስ ነው።

የመጀመሪያው ተራ ንግድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ስለ እሱ የሚነገረው በጣም ጥቂት ነው። ሰዓቱን የሚወስደው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ሰውን የሚያስጎመዠው «ተኝተህም ገንዘብ ይገባልሃል» የሚለው ነው።

እንግዲህ ሁለተኛውን እንቁጠረው። እያንዳንዱ አባል አምስት አምስት ሰው ያስገባል እንበል፤ በዕቅዱ መሠረት ጎበዝ ነው፣ አይሰንፍም። እርስዎ 1፣ ከሥርዎ 5፣ ቀጥሎ 25፣ 125፣ 625። በድምሩ 781 ሰው ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ 625ቱ ከሥራቸው ማንም የለም፣ ስለዚህ ቦነስ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ከመቶ 80 ናቸው። ከእነሱ በላይ ያሉት 125ቱ እያንዳንዳቸው ያላቸው አምስት ሰው ብቻ ነው፤ ከአምስት ሰው ግዢ የሚገኝ መቶኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራስን ወርሃዊ ግዢ አይሸፍንም። ሁለቱ እርከኖች ሲደመሩ ከ781 ሰው 750ው ሆኑ፣ ከመቶ 96 ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ሕይወት የቀሪዎቹ የ31 ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ የታችኞቹም አምስት አምስት ያስገባሉ፣ ተራቸው ይደርሳል» ይላል። ልክ ነው፣ ያስገቡ። 3,125 አዲስ ሰው ይመጣል፤ አሁን ደግሞ ከሥራቸው ሰው የሌላቸው እነዚህ 3,125ቱ ይሆናሉ፣ ከጠቅላላውም አሁንም 80 በመቶ ናቸው። ሁሉም ምንም ያህል ቢተጋ የታችኛው ረድፍ ድርሻ አይቀንስም። ቁጥሩ ግን እየፈጠነ ይሄዳል፦ በአሥረኛው እርከን 9,765,625 አዲስ አባል ያስፈልጋል፣ ይህ ከአዲስ አበባ ሕዝብ በላይ ነው። በአሥራ ሁለተኛው 244 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ሕፃን አዛውንቱ ተቆጥሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያን ያህል ሰው የለም። በእርግጥ እውነተኛው ዓለም እንደ ሰሌዳው እኩል አይሄድም፤ አንዱ ሃያ ያስገባል፣ አንዱ አንድም አያስገባም። ያም ሆኖ የታችኛው ረድፍ ከሁሉ የሰፋ ሆኖ ይቀራል፣ ከእሱ ውስጥ ደግሞ ብዙው በወራት ውስጥ ትቶ ይወጣል። አንድ ሰው ጠንካራ ሆኖ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሊወጡ ግን አይችሉም። «የጣላቸው አመለካከታቸው ነው» የሚለው አባባል የሚሸፍነው ይህንን ነው።

አንዳንዱ አስተዋዋቂ «እንደ እቁብ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። አይደለም። እቁብ ውስጥ ሃያ ሰው ከገባ የሃያውም ዕጣ ይወጣል፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የሚወስደው ያዋጣውን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ቀኑ ላይ ብቻ ነው። እዚህ የመጨረሻው ሰው የሚወስደው ዕጣ የለም። ያዋጣው ወደ ላይ ሄዷል።

በሌላ አገር የተጠናውም ከዚህ አይርቅም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ስለ አባሎቻቸው ገቢ ያወጧቸውን 70 መግለጫዎች መርምሯል። በአብዛኞቹ ኩባንያዎች፣ ከአባላቱ ብዙው ያገኘው በዓመት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በወር 84 ዶላር አይሞላም። ቢያንስ በ17ቱ ደግሞ አብዛኞቹ አባላት ምንም አላገኙም። መግለጫዎቹ ባጠቃላይ ወጪን አይቀንሱም፣ የትራንስፖርቱና ለራስ የተገዛው ዕቃ ዋጋ ከዚያ ላይ ገና ይወጣል። የጡረተኞች ማኅበር የሆነው የኤኤአርፒ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት ደግሞ በዚህ ሥራ ከተሳተፉ አሜሪካውያን 47 በመቶው ከስረዋል፣ 27 በመቶው ሳያተርፉ ሳይከስሩ ወጥተዋል፣ 25 በመቶው አትርፈናል ብለዋል። እንግዲህ ያተረፈ የለም የሚለውም ውሸት ነው። ካተረፉት ውስጥ ግን ኑሮውን የለወጠበት ጥቂት ነው።

ብልህ ተከራካሪ «ከማንኛውም አዲስ ንግድ የሚበዛው ይከስራል፣ ለምን ይህ ብቻ ይወቀሳል?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ሱቅ የከፈተ ሰው ደንበኛውን «አንተም እዚሁ አጠገቤ ሱቅ ክፈት፣ ዕቃውን ከእኔ ግዛ» ብሎ አያሠለጥንም። ኔትወርክ ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ደንበኛዎ ነገ ተወዳዳሪዎ ይሆናል፣ ያውም እርስዎ ራስዎ አስመዝግበውት። ሰፈሩ ውስጥ ሻጩ ይበዛል፣ ገዢ ይጠፋል። ያኔ ዕቃውን የሚገዙት ሻጮቹ ብቻ ይሆናሉ።

ሕግ መስመሩን ያሰመረውም እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው ኮሚሽን ኮስኮት በሚባል የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ ላይ በሰጠው ውሳኔ የተከለከለውን የፒራሚድ አሠራር እንዲህ ተረጎመው፦ አባሉ ገንዘብ የሚከፍለው ለመሸጥ መብትና ሌላ ሰው በማስገባት ለሚገኝ ክፍያ ከሆነ፣ ክፍያውም ዕቃው ለመጨረሻው ተጠቃሚ ከመሸጡ ጋር ካልተያያዘ፣ ያ ፒራሚድ ነው። በ1979 አምዌይ በተከሰሰ ጊዜ ነጻ የወጣው ሦስት ደንቦች ስለነበሩት ነው፦ አባሉ ከገዛው 70 በመቶውን ሳይሸጥ ቦነስ አያገኝም፣ በወር ቢያንስ ለ10 ደንበኞች መሸጥ አለበት፣ ሥራውን ሲተው ያልሸጠው ዕቃ ተመላሽ ይሆናል። (እዚያው ውሳኔ ላይ ኩባንያው ስለ ገቢ አጋንኖ በመናገሩና ዋጋ በመወሰኑ ተወቅሷል፤ አዳራሽ ውስጥ «ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣው ሥራ» ሲባል ይህ አይነገርም።) እ.ኤ.አ. በ2016 ኸርባላይፍ የሚባለው የዚሁ ዓይነት ኩባንያ 200 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ፣ ገንዘቡም ወደ 350,000 ለሚጠጉ ሰዎች ተከፋፈለ፤ ከዚያ በኋላ ከሚከፍለው ቦነስ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተረጋገጠ ሽያጭ ላይ እንዲመሠረት ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ2019 አድቮኬር የሚባል ሌላ ኩባንያ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከነአካቴው ከዚህ ዓይነት አሠራር ታገደ። ቻይና ደግሞ ሰውን ከሥር ከሥር በማስገባት የሚከፈልበትን ሽያጭ ከ1998 ጀምሮ አልፈቀደችም።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ የሽያጭ ስልትን ከተከለከሉ ተግባራት መካከል አስቀምጦታል። በቀላል ቋንቋ ሲነገር፣ ሸማቹ ዕቃ በመግዛቱ ወይም ገንዘብ በማዋጣቱ፣ እንዲሁም ሌሎች በእሱ አማካይነት ሲገዙ፣ ሲያዋጡ ወይም ወደ ስልቱ ሲገቡ ተጨማሪ ጥቅም ያገኛል ብሎ መሸጥ አይቻልም። የአገላለጹን ስፋት ልብ ይሏል። «ፈቃድ አለን» የሚል ኩባንያ ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት ፈቃዱ የምን ነው የሚለው ነው። የአስመጪነት ፈቃድ ያለው ኩባንያ ሰው በማስገባት ለመክፈል ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ዕቃ እንኳ ሳይኖረው ገንዘብ ሰብስቦ በየቀኑ ወለድ እከፍላለሁ የሚል የስልክ መተግበሪያ ከሆነ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ያ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ተብሎ የሚጠራ ሌላ ነገር ነው፣ ሽሹት።

አሁን ወደ አንድ ሰው ደብተር እንጠጋ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ አካሄዱን ግን የሥራው ሰው ያውቀዋል። አንዲት ሴት በ18,000 ብር ጥቅል ገዝታ ተመዘገበች። «አክቲቭ»፣ ማለትም ቦነስ የሚገባት አባል፣ ሆና ለመቆየት በየወሩ የ3,500 ብር ዕቃ ትገዛለች። ግማሹን፣ ማለትም በ1,750 ብር የገዛችውን፣ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ በ2,300 ብር ትሸጣለች። ቀሪው የጥርስ ሳሙናና ሻይ እሷው ቤት ይቀራል። ታክሲና የስልክ ጥቅል 1,500 ብር፣ የቅዳሜው ሥልጠና መግቢያ 400 ብር። በወሩ መጨረሻ ስልኳ ላይ መልእክት ይገባል፦ 2,600 ብር ቦነስ። ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ይሄ መልእክት ነው።

ደብተሩ ግን እንዲህ ይላል፦ የገባ 2,600 እና 2,300፣ በድምሩ 4,900 ብር። የወጣ 3,500፣ 1,500 እና 400፣ በድምሩ 5,400 ብር። ወሩ በ500 ብር ኪሳራ ተዘጋ። የ18,000 ብሩ ጥቅል ገና አልተነካም፣ ምሽቶቿና ቅዳሜዎቿም አልተቆጠሩም። ይህች ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ቦነስ የሚገባላትም ሠርታ ነው። ያጣችው ነገር ቢኖር ገቢና ወጪን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ገጽ ነው። ያንን ገጽ አዳራሹ አይሰጥም፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ሰው የሚያገኘው ከእሷ ትርፍ ሳይሆን ከእሷ ግዢ ነው። እሷ ብትከስርም የ3,500 ብሩ መቶኛ ወደ ላይ ይሄዳል።

በዚህ ሥራ ከጊዜ በኋላም የቀሩትንና ከስረው ያልወጡትን ሰዎች ብትመለከቱ አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ኪስ፣ ማለትም ሽያጩን፣ የያዙ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ደንበኛቸው አባል አይደለም፤ አባል ለመሆንም አይፈልግም። ክሬሙ ተስማምቶታል፣ ሲያልቅበት ይደውላል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የሚደረገው ፈተና አንድ ነው፦ ዕቅዱ፣ ቦነሱ፣ መኪናው ባይኖር ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ ጎረቤቴ ይገዛኛል ወይ? ካታሎጉን ይዞ መርካቶ ወይም ሰፈር ያለ ሱፐርማርኬት ገብቶ የተመሳሳይ ሳሙና፣ የተመሳሳይ ቫይታሚን ዋጋ ማየት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ዋጋው ሦስት እጥፍ ከሆነና ልዩነቱን «ጥራት» ከሚለው ቃል በቀር የሚያስረዳ ነገር ከጠፋ፣ ያ ትርፍ ዋጋ የሚሄደው ከላይ ላሉት እርከኖች ነው፤ ገዢም በዚያው ልክ ይርቃል።

ፈተናውን ካለፈ ቀሪው የነጋዴ ወግ ነው። ደብተር መያዝ፣ ለራስ የተጠቀሙትንም እንደ ወጪ መጻፍ። በዱቤ አለመስጠት፤ ዘመድ የወሰደው ክሬም ብሩ አይመለስም፣ ለመጠየቅም ያሳፍራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደረጃ አለመግዛት። ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው «ለሲልቨር 4,000 ብር ብቻ ነው የጎደለህ፣ ሙላው» የሚል ስልክ ይመጣል። ብዙ ሰው የከሰረው ዝም ብሎ በመቀመጡ ሳይሆን ይህንን ስልክ አንስቶ እሺ በማለቱ ነው። ተበድሮ፣ የእቁብ ዕጣ አውጥቶ፣ አልፎም ወርቅ ሸጦ የሚሞላ አለ። ከመጀመሪያው ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል ወር ብሎ ወስኖ ለትዳር ጓደኛ የነገረ ሰው ያን ስልክ እንቢ ለማለት ይቀለዋል።

ሰው ማስገባትን በተመለከተ የምመክረው ለአዳራሹ ሰዎች አይጥማቸውም፦ ዕቃውን ቀድሞ የገዛና ወዶ የደገመ ሰው ካልሆነ አያስገቡ። ከዚህ ውጭ ያለው ማስገባት ሰውን ከትርፍ ይልቅ ከዕዳ ጋር ማስተዋወቅ ነው። የእኛ ማኅበራዊ ኑሮ ለዚህ ሥራ የተመቸ መሆኑም አይረሳ። ዕድር፣ ማኅበር፣ የአብሮ አደግ ቡድን፣ ሁሉም የስም ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ሥልጠና ላይ «የምታውቋቸውን መቶ ሰዎች ጻፉ» የሚባለው ለዚህ ነው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየተበላ ካታሎግ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ገዢ አልተገኘም፣ የሰው ዓይን ግን ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም።

ውጭ ያሉ ወገኖችም ከዚህ አላመለጡም። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለው ሐበሻ የኢንሹራንሱን፣ የጉዞውን፣ የመብራትና የስልክ ውሉን ኔትወርክ በየተራ ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ቦነሱ እንደ ግል ሥራ ገቢ ተቆጥሮ ለግብር መሥሪያ ቤት መቅረቡ ነው፤ ያወጣበትን ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ካላተረፈው ላይ ግብር ሊከፍል ይችላል። ሳውዲ ውስጥ ላለ ደግሞ ጉዳዩ ከኪሳራም ይከብዳል፤ የአገሪቱ ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴ ይህን አሠራር ሐራም ብሎታል፣ መንግሥትም አይፈቅደውም። በኮንትራት የሄደች ልጅ ደመወዟን ብቻ ሳይሆን መኖሪያ ፈቃዷንም አደጋ ላይ ልትጥል ትችላለች።

ስለ ዕቃውም አንድ ነገር፦ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚሸጡት ማሟያ ምግብ ነው፣ ሻጩም «ስኳር ያጠፋል፣ ደም ግፊት ያወርዳል» ማለት ይቀናዋል። ማሟያ መድኃኒት አይደለም፤ የሻጩን ቃል ሰምቶ የሐኪም ትእዛዙን ያቆመ ሰው ላይ የሚደርሰውን በየሆስፒታሉ ያሉ ነርሶች ይነግሯችኋል። ምርቱ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን ማጣራት የሻጩም ግዴታ ነው። መዳንን ቃል ገብቶ የሸጠ ሰው በኋላ «ኩባንያው ነው ያለኝ» ማለቱ አያድነውም።

የተመዘገበና አሁን መውጣት የሚፈልግ ሰው ወርሃዊ ግዢውን ዛሬውኑ ያቁም። «አንድ ወር ብቻ ታገሥ፣ ሊፈነዳ ነው» የሚለውን ምክር የሚሰጠው ሰው ከዚያ ወር ግዢ መቶኛ ያገኛል። ያልተከፈተውን ዕቃ ቆጥሮ፣ ደረሰኞቹንና የተፈረመውን ቅጽ አያይዞ፣ በጽሑፍ ይመልሱልኝ ይበል፤ በቃል የተነገረ ጥያቄ ዋጋ የለውም። እምቢ ካሉ ወረቀቶቹን ይዞ ለንግድ ቢሮ ማመልከት ይቻላል፤ ከሳሹ ብዙ ሲሆን ይሻላልና አብረው የገቡትን መጥራት ይጠቅማል። ከሥሩ ያስገባቸው ሰዎች ካሉ ደግሞ መውጣቱን ራሱ ይንገራቸው፣ ከነደብተሩ። ዝም ብሎ ከወጣ ከላይ ያለው ሰው በማግስቱ ይደውልላቸዋል፣ የሚነግራቸውም «እሱ አመለካከቱ ነው የጣለው» ብሎ ነው።